የእትዬ ይርገዱ ዳማከሴ

እትዬ ይርገዱ በመካነ ሰላም ዳርቻ ምች የመታውን ሁሉ የሚያሽሩ ሴት ነበሩ። እኔንም አሽረውኛል፤ አልክድም። ዳማከሴውን የሚቆርጡት ጎሕ ሲቀድ፣ አፋቸውን ሳያሟሹ ነው። ቆርጠው ቤት እስኪገቡ ከማንም ጋር አይነጋገሩም፤ ቃል ከወጣቸው መድኃኒቱ ይረክሳል። ቅጠል ይዘው ያያቸው ሰው ሰላምታውን ውጦ ያልፋል።

በስልሳ አምስቱ ራብ ግን መንገዱን የሞላው ስደተኛ ወግ የሚጠብቅበት አቅም አልነበረውም።

ልጃቸው ሐረግ ታመመች። አተኮሳት፤ ከንፈሯ ፈነዳ። ሦስት ሳምንት የቀመሰችው ጎመን ብቻ ነው፤ እሱንም ያለ ጨው። ሰፈሩ ግን "ምች ነው" አለ። እሳቸውም ምች ነው ብለው ሊቆርጡ ወጡ።

ሲመለሱ፣ ከወግዲ በኩል የመጣ ሽማግሌ ድንጋይ ተደግፎ ተቀምጧል።

"እህቴ፣ መካነ ሰላም ገና ነው?"

ዝም ብለው አለፉት።

"በአላህ ይዤሻለሁ! ልነሳ ወይስ እዚሁ ልሙት?"

ዞሩ። "ደርሰዋል አባቴ። ከዚያ ባሕር ዛፍ ወዲያ ነው" አሉት።

ጥፋታቸው ይኸው ነው። በሦስተኛው ቀን ሐረግ ሞተች።

ለቅሶው ላይ እሳቸው ይህንኑ እያነሱ ሲያለቅሱ፣ ጎተራው ያልጎደለበት ጎረቤታችን ፈንታሁን፣ "አንድ ጠዋት ምላስ መሰብሰብ ያቅታል?" ይላል።

ነደደኝ። "አያ ፈንታሁን፣ ልጅቷ ያጣችው ቅጠል ነው እህል? አንድ ቁና ገብስ ብትሰፍርላት ምን ነበረበት?"

"አንተ ደግሞ ፊደል ቆጠርሁ ብለህ መድኃኒት ልትሰድብ ነው?"

ለቀስተኛው ሁሉ ከእሱ ጋር ወገነ። እህል የከለከለ ተከብሮ፣ መንገድ ያሳየች ተወገዘች!

በስልሳ ሰባት ዘማች ተማሪዎች መጥተው ሰበሰቡንና በራብ የሞተባችሁን አስመዝግቡ አሉ። እትዬ ይርገዱ አጠገቤ ነበሩ።

"ይነሱ እንጂ! ሐረግን ያስጽፉ" አልኋቸው።

"ሐረግን ራብ አልገደላትም።"

"ታዲያ ማን ገደላት?"

"እኔ ነኛ። አፌን ብይዝ ትድን ነበር።"

"ታዲያ ሽማግሌውን ዝም ብለው ማለፍ ነበረብዎ?"

"እሱስ እንኳን ደረሰ" አሉ።

አላስቻለኝም። ብድግ ብዬ "ሐረግ! በራብ!" ብዬ ጮህሁ።

መዝጋቢው ተማሪ፣ "ዘመዷ ነህ?" አለኝ።

"ጎረቤት ነኝ። እናቷ እኒህ ናቸው።"

ተማሪው እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ ወደ እሳቸው ተመለከተ። "እውነት ነው እናቴ?"

እትዬ ይርገዱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አይደለም።

ተማሪው ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።