ለጋሽ በዳዳ የተረጎምኩላቸው ፊልም

ልጆቼን አስመርቄ ሳበቃ እኔም ዘንድሮ በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኛለሁ። ባለፈው ሳምንት በዕረፍት ሰዓት አጠገቤ የምትቀመጠው ወጣት ስልኳ ላይ አንድ የቆየ የእንግሊዝ የወንጀል ምርመራ ፊልም ከፈተች። ፊቶቹን ወዲያው አወቅኋቸው። እስከ መጨረሻው አብሬያት አየሁ።

"ደስ አለዎት አይደል?" አለችኝ።

ደስታ አልነበረም፤ ንዴት ነው። ያን ፊልም ጀምሬ ሳልጨርሰው ከቀረሁ አርባ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

በደርግ ጊዜ፣ አዳማን ናዝሬት በምንልበት ዘመን፣ ቤታችን ውስጥ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከአጫጭር የወንጀል ታሪኮች የተሠሩ ፊልሞች ይታዩ ነበር። በየሳምንቱ አዲስ ታሪክ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰው ይሞታል፣ ሁሉም ይጠረጠራል፣ መጨረሻ ላይ መርማሪው ሁሉንም ሳሎን ሰብስቦ ገዳዩን ይጠቁማል። ይጠቁማል ሲሉ ሰማሁ እንጂ እኔ አይቼ አላውቅም።

ምክንያቱ ጸሎቱ ነበር። የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናችን ስለተዘጋች ምእመናኑ በየቤቱ ተደብቀው ይጸልያሉ፤ የእሑዱ ጸሎት ደግሞ እኛ ጓዳ ነው። ስምንት ዘጠኝ ሰው አንድ በአንድ በጓሮ በር ይገባል። ቴሌቪዥኑ የሚከፈተው መዝሙሩ ውጭ እንዳይሰማ ነው። እኔ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ ሳሎን ተቀምጬ ፊልም የማይ መምሰል አለብኝ፤ ዓይኔ ግን መስኮቱ ላይ ነው። ሰው ከመጣ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ መምታት። ፊልሙ ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ጸሎቱ ያበቃል፤ ያኔ ወጥቼ መንገዱን እየቃኘሁ ሰዎቹን አሰናብታለሁ። ስመለስ መርማሪው ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። ሰኞ ክፍል ውስጥ "ገዳዩ ማን ነበር?" ስል "ቤታችሁ ቴሌቪዥን እያለ?" እያሉ ይስቁብኛል።

አንድ የግንቦት እሑድ ነፋሱ አቧራውን በመስኮት እያስገባ፣ አክስቴ ከአቦምሳ የላከችውን ማንጎ እየላጥኩ ሳለሁ፣ ፊልሙ ይዞኝ ጭልጥ አለ። ቀና ስል የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ጋሽ በዳዳ ጠመንጃቸውን እንዳነገቱ በሩ ላይ ቆመዋል። ዝንብ የምገድል መስዬ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ መታሁት። ጓዳው ጸጥ አለ።

"አካም ጅርታ፣ ኢንተላኮ? ደህና ነሽ ልጄ? እነ አባትሽስ?"

"ደህና ነኝ ጋሽ በዳዳ። ለቅሶ… ለቅሶ ሄደዋል።"

ይመለሳሉ ስል እሳቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። "ምን እያለ ነው ፈረንጁ?"

መተርጎም ጀመርኩ። የሞተው ሽማግሌ ሀብታም እንደነበር፣ ሻዩ ውስጥ መርዝ እንደተገኘ ነገርኳቸው። ልክ መርማሪው ሰዎቹን ሳሎን ሲሰበስብ ጓዳ ውስጥ ሕፃን አለቀሰ። የአንዷ እኅት ልጅ ነው። ጋሽ በዳዳ ወደ ጓዳው በር ዞሩ። እኔ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ በቴሌቪዥኑና በእሳቸው መካከል ቆምኩና "ገዳዩ ሐኪሙ ነው!" ብዬ ጮኽኩ።

"ኧረ ቀስ በይ፣ ደንቆሮ አይደለሁም። ይልቅ ድምፁን ጨምሪው፤ ይኼ ሰውዬ ሹክሹክታ ያበዛል።"

ጨመርኩት። ጆሮዬ ጓዳ፣ ጀርባዬ ወደ ፊልሙ ሆኖ፣ ያልሰማሁትን እንግሊዝኛ እየፈጠርኩ ተረጎምኩ።

"ያዙት ሐኪሙን?"

"ያዙት።"

"ጎበዝ! እንግዲህ እሑድ እሑድ እመጣለሁ።"

መጡም። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና ጸሎቱን በሞጆ መንገድ በኩል ወዳለ ሌላ ቤት አዛወሩት። እኔ ግን ቀረሁ። ጋሽ በዳዳ ቤቱን ተዘግቶ ካገኙት ይጠረጥራሉ ተባለ።

"እማዬ፣ እኔስ መጸለይ አያምረኝም?"

"ቁጭ ብለሽ አስተርጉሚላቸው። ያንቺ ጸሎት እሱ ነው" አለችኝ ነጠላዋን እየተከናነበች።

ሁለት ዓመት እንዲሁ ሆነ። ከጸሎቱም አልሆንኩ፣ ከፊልሙም አልሆንኩ። አንዱን ዓረፍተ ነገር ስነግራቸው ቀጣዩ ያመልጠኛል፤ መርማሪው መግለጥ ሲጀምር "ምን አለ? ምን አለ?" ይሉኛል። አንድ ቀን በንዴት "ዝም ብለው ይዩ!" ብያቸዋለሁ። እሳቸው ግን ወላጆቼ በየሳምንቱ የት እንደሚሄዱ ዳግመኛ አልጠየቁኝም፤ እኔም ያኔ ልብ አላልኩትም።

ከወጣቷ ጋር ያን ፊልም ከጨረስኩ በኋላ ያኔ ሐኪሙ ነው ብዬ የፈጠርኩትን ትቼ እውነተኛውን መጨረሻ ለጋሽ በዳዳ ልነግራቸው አሰብኩና ቤታቸውን አጠያይቄ ሄድኩ። ከሞቱ ቆይተዋል። ልጃቸው ለስላሳ ከፍታ አስተናገደችኝ። አመጣጤን ስነግራት ሳቀች።

"አባዬ? ፊልም? ተሳስተሽ እንዳይሆን። እዚህ ቤት ቴሌቪዥን ሲከፈት ራሴን ያመኛል ብሎ ይወጣ ነበር እኮ!"

ከዚያ ወዲህ እሑድ በመጣ ቁጥር ይኼው ያብሰለስለኛል። ከእኛ ሰዎች አንድም አልታሰረም። ጋሽ በዳዳ ሌላ ጥበቃ እንዳይመጣ በሩን ይዘውልን ይሆን? ወይስ ለቀበሌው ሪፖርት የሚጽፉት ነገር ፈልገው አጡ? መርምሬ አልደርስበትም፤ እንደ ፊልሙ ሳሎን ሰብስቦ የሚነግረኝም የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ጎናቸው ተቀምጬ የፈረንጆቹን ነገር ስለፈልፍ፣ አንድ ቀን እንኳ "እርስዎስ ጋሽ በዳዳ?" ብዬ አልጠየቅኋቸውም።