ሐምዳን በኅዳር የሚለኩሰው እሳት

ሐምዳን የትምህርት ቤታችን ጥበቃ ነበር። «ነበር» ማለቴ ሞቶ አይደለም፤ ከሥራ ተባሮ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አሶሳ ገበያ የቀርከሃ ቅርጫት ይዞ ይቀመጣል። እኔ ግን በዚያ በኩል ማለፍ ካቆምኩ ወራት ሆኑኝ፤ ሽንኩርት የምገዛው ዞሬ በሌላው በር ገብቼ ነው። ሰው የበደለ ሰው እንዲህ ነው፤ መንገድ ያበዛል።

ረጅም፣ ከሲታ፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው። የተወለደው ሆሞሻ አካባቢ ነው፤ ከሁለተኛ ክፍል በላይ አልተማረም። አማርኛን የለመደው ከእኛ ከመጤ አስተማሪዎች ጋር ሲውል ስለሆነ ለሴትም ለወንድም «አንተ» ነው የሚለው። መጀመሪያ ሰሞን እኔን ሴቷን በስሜ ጠርቶ «አንተ የዝና» ሲለኝ እስቅበት ነበር። መሳቅ የነበረበት እሱ ነው። እሱ በርታኛውን፣ አረብኛውንና አማርኛውን እያፈራረቀ ሲናገር፣ እኔ ከጎጃም ተመድቤ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኝ በቋንቋው ሰላምታ እንኳ በወጉ መመለስ አልችልም።

ከትምህርት ቤቱ ጓሮ እስከ ወንዙ የሚወርደው የቀርከሃ ደን የመንግሥት ነው ይባል እንጂ የሚያውቀው እሱ ነበር። አያቱ ቤት የሠሩበትን ከዚያ ቆርጠዋል፤ አባቱ ቀፎ ሰቅለውበታል። በዙሪያው ያለው ሁሉ ለእርሻና ለቤት ቦታ ሲመነጠር ያ ቁራጭ የተረፈው ሐምዳን ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም ሳያዘው ስለጠበቀው ነው። ምኞቱ አንድ ነበር፤ ደኑ ከእሱ በኋላ እንዲቆይ፣ ልጆቹም እንዲያውቁት። ይህን ደጋግሞ ነግሮኛል። ሌላ ነገር ሲመኝ ሰምቼው አላውቅም።

የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ድርጅት ቆብ፣ ደብተርና ባለ ስድሳ ገጽ መመሪያ ይዞ መጣ። ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ከክፍል ወጥተው ደን ውስጥ እንዲማሩ ተወሰነ። የሳይንስ መምህርት ስለሆንኩ አስተባባሪ ተደረግሁ። በመጀመሪያው ሐሙስ ቀርከሃ ሥር ቆሜ «ሥነ ምኅዳር ማለት» ብዬ ከመመሪያው ማንበብ ጀመርኩ። ልጆቹ ያዛጋሉ፤ አንዱን ጉንዳን ነክሶት ይዘላል፤ ሁለቱ በቆብ ይጣላሉ። ሐምዳን የመጣው ከእባብ እንዲጠብቀን ነበር። ዱላውን ተደግፎ ሲሰማኝ ቆየና አንዱን ቀርከሃ በጣቱ መገጣጠሚያ አንኳኳው።

«ይሄ ስንት ዓመቱ ነው?» አለ።

አጠገቡ ያለውን ደግሞ አንኳኳ። «ይሄስ?»

ድምፁ ይለያያል። የዘንድሮው እርጥብና የታፈነ ነው፤ ሦስት ዓመት የሞላው ጠንከር አድርጎ ይመልሳል። ሦስት ዓመት ያልሞላው አይቆረጥም አላቸው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አርባ ልጅ ጆሮውን ቀርከሃ ላይ ለጥፎ ያንኳኳ ነበር። መመሪያዬን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርቱ የሱ ሆነ። የትኛው ሥር ሆድ ቁርጠት እንደሚያስታግስ፣ ቡቃያው በክረምት መቼ ለመብል እንደሚነቀልና ስንቱ ለዘር እንደሚተው፣ የትኛው ወፍ ሲጮኽ እባብ አይቶ እንደሆነ እየነገራቸው ይዞራል። ሪፖርቱ ላይ የማሰፍረው ግን የራሴን ስም ነበር፤ ይህንንም ልናዘዘው።

ከልጆቹ ሁሉ በትምህርቱ የምትበልጠው የገዛ ልጁ ቶይባ ነበረች። የመጨረሻ ልጁ ናት፤ ያን ጊዜ አራተኛ ክፍል ገብታለች። አንድ ጊዜ የሰማችውን አትረሳም፤ ያመነችበትን ደግሞ የሚያስጥላት የለም። እሱ ፊት ፊት ሲሄድ እሷ ከኋላው ጥላውን እየረገጠች ትከተለዋለች።

እኔና ሐምዳን የምንጣላው በእሳት ነበር። በየዓመቱ ኅዳር አጋማሽ፣ ዝናቡ አቁሞ ሣሩ ግማሹ ደርቆ ግማሹ ገና አረንጓዴ ሳለ፣ በደኑ ጠርዝ ዙሪያ አምስት ስድስት እርምጃ የሚሰፋ ቦታ እየለኮሰ ይዞራል። እሳቱ ጉልበት ስለሌለው ዝቅ ብሎ ይሄዳል። እሱ በዱላና በእርጥብ ቅጠል እየገራው ይከተላል። ሲጨርስ ደኑን የከበበ ጥቁር መስመር ይቀራል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ሳየው አበድኩ።

«ጋሽ ሐምዳን፣ እኛ ልጆቹን ዛፍ ጠብቁ እያልን አንተ ታቃጥላለህ? ምን ልንላቸው ነው?» አልኩት።

«አንተ የዝና፣ ይሄ ትንሽ እሳት ነው። ትልቁ እሳት በየካቲት ይመጣል። እዚህ ሲደርስ የሚበላ ያጣል፣ ይሞታል።»

ቃል በቃል እንዲህ ብሎኛል። የቀረ ነገር አልነበረውም፤ ከዚህ በላይ ምን ብሎ ያስረዳኝ? እኔ ግን ዲግሪ አለኝ፤ መመሪያውም ገጽ አሥራ አንድ ላይ በቀይ ቀለም «እሳት የደን ጠላት ነው» ይላል። መመሪያው የተጻፈው ለደጋ የጽድ ደን መሆኑን ሽፋኑ ላይ ያለው ሥዕል ይመሰክራል። ማን ልብ ብሎ አየው! ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው።

በሦስተኛው ዓመት እልህ ያዘኝ። ገጽ አሥራ አንድን ለልጆቹ መፈክር አደረግሁላቸው። እሳት ቢያዩ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ቆርጠው፣ ተሰልፈው፣ ከጫፍ ጀምሮ እየመቱ እንዴት እንደሚያጠፉ ሜዳ ላይ አለማመድኳቸው። ቶይባን የቡድን መሪ አደረግኋት።

ኅዳር ገብቶ አንድ ሐሙስ ስብሰባ ስለያዘኝ ልጆቹን ቀድመው እንዲወርዱ ላክኋቸው። ሐምዳን በምሥራቅ በኩል ጀምሮ አርባ እርምጃ ያህል ለኩሶ ኖሯል። ልጆቹ ጭሱን ሲያዩ እንዳስተማርኳቸው አደረጉ። ቅርንጫፍ ቆርጠው፣ ተሰልፈው፣ በቶይባ መሪነት ከጫፍ ጀምሮ እየመቱ አጠፉት። እሱ በበርታኛ ጮኸ፣ በአማርኛ ለመነ፤ አርባ ልጅ ደግሞ መፈክሩን ይጮኽበታል። ልጆች መምታት አልሆነለትም። እኔ ስደርስ ፊታቸው ጥላሸት ለብሶ ጥርሳቸው ብቻ ይታያል።

«አስተማሪ፣ አጠፋነው!» አለችኝ ቶይባ።

እኔም አጨበጨብኩ። አባቷ እዚያው ቆሞ እያየ አጨበጨብኩ፤ ልጆቹም አጨበጨቡ። በዚህ አላበቃሁም። ለርዕሰ መምህሩ ለወንደሰን ሄጄ ነገርኩትና፣ ሐምዳን ሁለተኛ እሳት ከለኮሰ ሥራውን እንደሚያጣ አስጠነቀቀው። ቶይባም ከትምህርት በኋላ ጓደኞቿን ይዛ ደኑን መጠበቅ ያዘች፤ የምትጠብቀው ከአባቷ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሣሩ ፈጽሞ ደረቀ። ከዚያ ወዲያ መለኮስ ደኑን ራሱን ማቃጠል ስለሆነ ሐምዳን ተወው።

በዚያ ሳምንት ቶይባ ደብተሯ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «አባቴ ሣር ሲያቃጥል አየን። እሳት የደን ጠላት ስለሆነ አጠፋነው። አባቴ ተቆጣ። እኔ አልፈራሁም።» በደስታ አነበብኩት። የዓመቱ ምርጥ ሥራ ብዬ ከሪፖርቱ ጋር አያይዤ ላክሁት፤ አንዱን ቅጂም በትምህርት ቤቱ ፋይል ውስጥ አኖርኩ። ድርጅቱ የምስጋና ወረቀት ላከልን።

ትልቁ እሳት የመጣው በየካቲት አንድ ዓርብ ቀትር ላይ ነው። ከሆሞሻ አቅጣጫ በነፋስ እየተገፋ መጣ፤ ማን እንደለኮሰው እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። በዚያ ወራት ሁሉም በየፊናው ይለኩሳል። ሐምዳን ጁምዓ ሊሰግድ መስጊድ ነበር። ቀርከሃው እንደ ተኩስ መንጣጣት ሲጀምር በነጭ ጀለቢያው እየሮጠ ደረሰ። ልጆቹ ግን ከእሱ ቀድመው ቅርንጫፍ ይዘው ወርደው ነበር። ያን እሳት በቅጠል ሊመቱት! እኔም ተከትያቸው ወርጄ የቻልኩትን ይዤ ስጎትት ቶይባ አመለጠችኝ። ሐምዳን ጭሱ አፍ ላይ ወገቧን ጨምድዶ ይዞ ተሸክሟት ወጣ። እየታገለችው ነበር፤ ልቀቀኝ እያለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደኑ አልቋል።

በማግሥቱ ብቻዬን በጠርዙ ዙሪያ ሄድኩ። ዐመዱ ገና ይሞቃል። በምሥራቅ በኩል ስደርስ እሳቱ መጥቶ የቆመበትን ቦታ አገኘሁ። ሐምዳን በኅዳር የለኮሰው፣ ልጆቹ ሳይደርሱበት የተቃጠለው አርባ እርምጃ ነው። እዚያ ላይ የሚበላ አጥቶ ሞቷል። ከጀርባው ጥቂት የቀርከሃ ቁጥቋጦ አረንጓዴውን ቆሟል፤ ወፎቹ ሁሉ እዚያ ላይ ሰፍረው ይንጫጫሉ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ምን ዋጋ አለው።

ከሳምንት በኋላ ኮሚቴ ተሰበሰበ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ሁሉም የሚጥልበት ሰው ፈልጎ ነበር። ወንደሰን ፋይሉን ከፈተና የቶይባን ጽሑፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። ከዚያ ሐምዳንን ጠየቀው።

«ልጅህ የጻፈችው እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ቶይባ አይዋሽም።»

«እሳት የመለኮስ ልማድ አለህ?»

«አለኝ።»

በዚያን ሰዓት መስጊድ እንደነበረ የሚመሰክር ሞልቷል። አንዱ የኮሚቴ አባል ግን «ለኩሶ ሄዶ ሊሆን ይችላል» አለ፤ ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ለመናገር ተነሣሁ። ሐምዳን አየኝና ቀስ ብሎ ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ። ተቀመጥኩ። እሱ ከልክሎኝ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ እውነቱ ግን ለደሞዜ ፈርቼ ነው። ከራስ በላይ ነፋስ አልኩ። እሱ የሃያ ዓመት ሥራውን በአንድ ከሰዓት አጣ።

በሩ ላይ ደርሼበት «ለምን ዝም አልክ? ለምን አልነገርካቸውም?» አልኩት።

«ምን ልንገር? እሳቱን ልጆቹ ባያጠፉ ደኑ ይተርፍ ነበር ልበል? ቶይባ ይሰማል። ልጅ ነው። ደኑ በኔ ምክንያት ተቃጠለ ብሎ ካወቀ ይሄ ነገር ከልቡ አይወጣም። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ የኔ ይሁን።» ዱላውን ይዞ መሬቱን ሲጭር ቆየ። «አንተን ቢጠይቅ፣ አባትህ ነው በለው። አደራ።»

የአባት ዕዳ ለልጅ ይባላል። እዚህ የልጅ ዕዳ ነው አባትን የበላው፤ የልጅቷም አይደለም፤ የእኔ ነው። እሺ አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ።

የተረፈው ቁጥቋጦ ወር አልቆየም። ቦታው ባዶ ስለሆነ መጋዘን ይሠራበታል ተባለና ቀያሾች መጡ፤ ቀርከሃውን የቆረጡት ለራሱ ለመጋዘኑ አጥር ነው። የአንድ ዓመቱንም የሦስት ዓመቱንም አንድ ላይ። ፕሮግራሙ ግን አልተቋረጠም። ሐሙስ ሐሙስ ልጆቹን ይዤ ወጥቼ ከመመሪያው አነብላቸዋለሁ።

ግንቦት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ በዘነበ ማግሥት ቶይባ በእረፍት ሰዓት መጣች። ከስታለች። ክፍሉ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም።

«አስተማሪ፣ ደኑን ያቃጠለው አባቴ ነው? እናቴ አይደለም ትላለች። እሱን ስጠይቀው ዝም ይላል።»

አይደለም ብላት ቀጥላ ታዲያ ለምን ተቃጠለ ትለኛለች። ያቺ ልጅ መልሱ ላይ ሳትደርስ አትተወውም፤ ደግሞም ትደርስበታለች። ሐምዳን አደራ ያለኝ ይህንኑ ነበር።

«አዎ» አልኳት።

አላለቀሰችም። ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ያን ቀን ስላጠፋንበት ተናዶ ነው፣ አይደል?»

ሐምዳን ከልቧ ሊያርቀው የፈለገው ጥፋት በሌላ በር ዞሮ ገባ።