ያልታጠበው እጅ

የሰቆጣዋ የላቦራቶሪ ባለሙያ ጥሩሐረግ በቀን ሃያ ጊዜ እጇን በሳሙና ትታጠባለች።

በ1998 ዓ.ም. አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄዳ፣ በአራስ ሕፃን የደም ጠብታ ላይ ኢንዛይም ሲጨመር አየች፤ ቀለሙ እንደ ንጋት ሰማይ ቀስ እያለ ቀላ። በደም ውስጥ ሲበዛ የሕፃን አእምሮ የሚጎዳ አንድ አሚኖ አሲድ ምን ያህል እንዳለ ቅላቱ ይናገራል።

«ኢንዛይሙ የተገኘው አፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ነው» አሉ አሠልጣኙ።

በአውቶቡስ ስትመለስ፣ በእንቅልፍ ልቧ ማሳው ሁሉ ሲተነፍስ ታያት። የትውልድ ቦታዋ ፃግብጂ ስትደርስ አባቷን እርሻ ላይ አገኘቻቸው። እጃቸው አፈር በአፈር ስለነበር ለሰላምታ ክንዳቸውን ዘረጉላት።

«እጄ ቆሽሿል፣ ልጄ።»

«ምኑ ነው የቆሸሸው፣ አባዬ?» ብላ መዳፋቸውን ጥብቅ አድርጋ ጨበጠች።

ያን ዕለት እጇን ሳትታጠብ ዋለች።