እህቴ መሐንዲስ፣ እኔ ሞተር ጠቅላይ

ሥራ የጀመርኩበት ሰኞ እህቴ ሐያት ወደ ዩኒቨርሲቲ የሄደችበት ሰኞ ነው። እሷ ከሚዛን መናኸሪያ በጠዋቱ አውቶቡስ ወጣች። እኔ በሌላ መኪና ወደ ቴፒ ሄድኩ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የቡና እርሻ ወርክሾፕ ውስጥ በተለማማጅነት ተቀጥሬ ነበር። አንድ መናኸሪያ ውስጥ ቆመን ሳለ ደህና ሁኚ አላልኳትም። ሰው በዝቷል ብዬ ቶሎ ወደ ቴፒው መኪና ገባሁ።

በአንድ ዓመት እበልጣታለሁ፤ ነገር ግን አንድ ክፍል ነበርን። ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናውም በአንድ መጽሐፍ ነው ያጠናነው። እሷ አለፈች፣ እኔ ትንሽ ነጥብ ጎደለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ኤሌክትሪክ ምህንድስና እማራለሁ ስል የኖርኩት ግን እኔ ነበርኩ። ሐያት ሐሳቡን የወሰደችው ከእኔ ነው።

የወርክሾፑ ፎርማን ጋሽ ወንድሙ የሸኮ ሰው ነው፤ ብዙ አይናገርም። መጀመሪያ ቱታ ሰጠኝ። ለወንድ የተሰፋ ስለነበር እጅጌውን ሦስት ጊዜ አጠፍኩት። ከዚያ የተቃጠለ ሞተር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ሽቦውን እያወጣሽ በየጎድጓዱ ስንት ዙር እንዳለ ቁጠሪ» አለኝ። ሞተር ጠቅላይ፣ የተቃጠለውን ሽቦ አውጥቶ አዲስ የሚጠመጥም ባለሙያ፣ መጀመሪያ የሚማረው መቁጠርን ነው። ዙሩን ያልያዘ ሰው መልሶ ሊጠቀልል አይችልም።

ሐሳቤ አውቶቡሱ ላይ ስለነበር ቁጥሩ ጠፋኝ። ሲጠይቀኝ «ሠላሳ ስምንት» አልኩት።

«ቆጥረሽ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ይህን ሞተር ባለፈው ዓመት የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። አርባ ሁለት ነው።» አልተቆጣም። «የሚቀጥለውን ቁጠሪ» ብሎኝ ሄደ።

በዚያ ዓመት ክረምት ሐያት ለእረፍት መጣች። አባቴ ሱቃችን ውስጥ ደንበኛ በገባ ቁጥር ሊያሳያት ወንበር ይስብላት ነበር። እናቴ ለእንግዳ «ሐያት ኢንጂነር ልትሆን ነው፤ ሰሚራም ሥራ ይዛለች» ትላለች። ያቺ «ም» አንጀቴን ታቃጥለው ነበር።

አንድ ቀን ሐያት ቦርሳዬ ውስጥ የኤሌክትሪክ መለኪያዬን፣ ቴስተሬን፣ አየችና «እኛ እኮ ይህን አንዱን ለሃያ ሰው ነው የምንካፈለው። እስቲ አለካኩን አሳዪኝ» አለችኝ። የመሥሪያ ቤት ዕቃ ነው፣ ይበላሻል ብዬ መልሼ ከተትኩት። የራሴ ነበር። በሁለት ወር ደሞዜ የገዛሁት።

ሙያው ግን ቀስ በቀስ ያዘኝ። ሽቦውን በልኩ ማጠንጠን፣ በጎድጓዱ ውስጥ ሳይላጥ ማስገባት፣ ጫፎቹን መለየት፣ ቫርኒሽ አጠጥቶ ማድረቅ፤ አንዱም በችኮላ አይሆንም። ብቻዬን የጠቀለልኩት የመጀመሪያው ሞተር ሲነሳ እጄን ሰውነቱ ላይ አሳርፌ ቆየሁ። አይንቀጠቀጥም፣ አይሞቅም። ያን ቀን እስከ ማታ ሐያትን አላሰብኳትም።

ሦስተኛ ዓመቴ ላይ ከረዳትነት ወደ «ኤሌክትሪሺያን ሁለት» ደረጃ ለማደግ አመለከትኩ። ሥራ አስኪያጁ ማመልከቻዬን ሳያነብ «ይህ ቦታ ዲግሪ ላለው ነው የምናስበው። ደግሞ ሴት ልጅ ምሰሶ ላይ ትወጣለች?» አለ። አብሮኝ የገባው ጋሽ ወንድሙ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበርም ነበር። ማኅበሩና እርሻው የተፈራረሙትን የኅብረት ስምምነት ከኪሱ አውጥቶ ገለጠና ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«እዚህ ላይ የተፈረመው፣ የተግባር ፈተና ያለፈ ያድጋል ይላል። ሴት ወንድ አይልም። ትፈተን።»

ሦስት ፈታኞች ባሉበት ምሰሶ ወጣሁ፣ ሞተር ፈታሁ፣ ገጠምኩ። አለፍኩ። የዕድገት ደብዳቤዬን ለእናቴ ሳሳያት «ማሻ አላህ» ብላ ሳመችኝ፤ ወዲያውም «ሐያት ደወለችልሽ?» አለችኝ።

ሐያት ተመረቀች። ከዚያ ከአንድ ዓመት በላይ ቤት ተቀመጠች። እውነቱን ልናገር፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ለቤት አስቤዛ ስገዛ ገንዘቡን እሷ ባለችበት መቁጠር እወድ ነበር። በኋላ የኛው እርሻ ጀማሪ መሐንዲስ ፈልጎ ማስታወቂያ አወጣ፤ ተወዳድራ ገባች። የሥራ ማዘዣዬ ላይ የምትፈርመው እሷ ሆነች።

በቡና ለቀማው አጋማሽ የትልቁ ቡና መፈልፈያ ማሽን ሞተር ተቃጠለ። ስከፍተው ከሦስቱ ፌዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ከሚመጣባቸው ሦስት መስመሮች፣ የሁለቱ ሽቦ ከስሏል፣ የአንዱ እንደ አዲስ ያበራል። ይህን ያየ ጠቅላይ ሁሉ ያውቀዋል። ጥፋቱ ከሞተሩ አይደለም፤ ከመስመሩ አንዱ ተቋርጦ ሞተሩ በሁለት ብቻ ሲሠራ ነው እንዲህ የሚሆነው። ምክንያቱ ሳይገኝ ቢጠቀለል እንደገና ይቃጠላል።

ጋሽ ወንድሙ ለስብሰባ ማሻ ከተማ ሄዷል። ሐያት ማዘዣ ይዛ መጣች። «ይጠቀለልና ይገጠም» ይላል። ሞተሩን አየችው፤ እኔን አየችኝ።

«ሌላ ነገር አለው እንዴ?» አለችኝ።

«ያዘዝሽው ተጽፏል አይደል?» አልኳት።

ፈርማ ሄደች። በሁለት ቀን ጠቅልዬ አደረቅኩት፤ ከዚያ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ተገጠመ፣ ተነሳ፣ ሰዓት ሳይሞላ ጨሰ። እሸት ቡና የጫኑ መኪኖች በር ላይ ተሰልፈው ነበር። ታጥቦ ሊወጣ የነበረው ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሳይፈለፈል፣ በጀንፈል፣ ከነልጣጩ ደረቀ፤ ዋጋውም ወረደ። ማጠቢያው ላይ የሚሠሩት የቀን ሠራተኞች ሥራ የለም ተብለው ተበተኑ። ከእነሱ አንዷ ልጇን አዝላ በአጠገቤ ስታልፍ «አይዞሽ፣ ደክመሽበት ነበር» አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ሐያት የሙከራ ጊዜዋን ገና አልጨረሰችም ነበር፤ ልትባረር ትችላለች። ቢሮ ተጠራች። በመስኮቱ በኩል ቆማ አየኋት፤ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ልክ ትምህርት ቤት መምህር ሲቆጣት እንደምትቆመው። ያኔ ገባሁ።

«ጥፋቱ የእሷ አይደለም» አልኩት ሥራ አስኪያጁን። «ምን እንዳቃጠለው አውቄ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?» አለኝ።

«ቀንቼ» አልኩት። 

የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቀመጠ። ሥራ አስኪያጁ «ትሰናበት» አለ። ጋሽ ወንድሙ ጥፋቴን አላስተባበለም። «አጥፍታለች፣ አምናለች። በስምምነቱ መሠረት ለመጀመሪያ ጥፋት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና የደሞዝ ቅጣት ነው» አለ። እንደዚያው ተወሰነ። ከወጣን በኋላ ግን ዞር ብሎ «ማኅበሩ ሥራሽን አስጠብቆልሻል። የሙያ ስምሽን ማንም አያስጠብቅልሽም» አለኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሳምንት ከሥራ ውጭ አላናገረኝም።

በማግስቱ ከሐያት ጋር ወደ መፈልፈያው ሄድን። የማስነሻውን ሳጥን ከፍቼ የኮንታክተሩን፣ መስመሩን ከሞተሩ የሚያገናኘውን ማብሪያ፣ አንድ ጥርስ አሳየኋት፤ ተበልቶ ጠቁሯል፤ መስመሩ የተቋረጠው እዚያ ነው።

«ሌላ ነገር እንዳለው ፊትሽን አይቼ ገብቶኝ ነበር» አለችኝ። «ደግሜ ልጠይቅሽ ፈልጌ አፈርኩ። ኢንጂነሯ እኔ ነኝ አይደል?»

«እኔም እንድታፍሪ ነበር የፈለግኩት» አልኳት።

ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብባ በወረቀት አሰላች። ከዓመታት በፊት ሞተሩ በትልቅ ሲቀየር ኮንታክተሩ አልተቀየረም፤ አቅሙ አንሷል። ተመሳሳይ አዲስ ብንቀይርም ያው ይደርስበት ነበር። ይህን እኔ አላወቅኩም። እርሳሷ ወረቀቱ ላይ ሲሮጥ እያየሁ እንደገና ቀናሁ። ግን ሞተሩን እንደገና ጠቅልዬ፣ አቅሙ የሚበቃ ኮንታክተር አብረን ገጠምን፣ ቴስተሬንም ሰጠኋት፤ እሷው ለካች።

ሐያት ሁለት ዓመት ሠርታ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። ጋሽ ወንድሙ ጡረታ ሲወጣ ፎርማን ሆንኩ፤ ማኅበሩም የኮሚቴ አባል አድርጎ መረጠኝ። ዛሬም ሐያት ስለ አዲስ ሥራዋ ስትነግረኝ እቀናለሁ። ሙያችንን እንቀያየር ብትለኝ ግን እሺ አልላትም።

ዩኒቨርሲቲ ሳይገቡ ወደ ወርክሾፕ ለሚመጡ የምለው ይህን ነው። ሞተር ጥቅለላ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ደረጃ አለው፣ ፈተና አለው፣ መብት የሚጠብቅ ማኅበር አለው። ሰው ሙሉ ዕድሜውን ቢሰጠው አያንስም። በተማረ መቅናት ያለ ነው። ብልሽት አይቶ ዝም ማለት ግን አይቻልም።