ተረካቢ ያጣ አንባር

ጦርነቱ ሲንጋላንግ ተራራ ግርጌ ያለው መንደራችን በደረሰ ዓመት እህቴ ጃዋኒስ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። እኔ ከአጎታችን ጋር ወደ ባሕሩ ዳርቻ ተልኬ ስለነበር መከራውን አላየሁም። እሷ ከእናታችን ጋር ጫካ ገባች፤ እናታችን በወባ ሞተችባት። ጃዋኒስ የዱር ሥራሥር እየበላች ሰንብታ ስትመለስ አጥንቷ ይቆጠር ነበር። የቤታችን ወርቅ ግን በጨርቅ ተጠቅሎ ሆዷ ላይ እንደታሰረ ነበር፤ አንዲት ፍሬ አልጎደለም።

በእኛ በሚናንግካባዎች ዘንድ ቤትም ወርቅም ከእናት ወደ ሴት ልጅ ይወርዳል። እኔ ጠባቂ ነኝ እንጂ ወራሽ አይደለሁም። የእኔ ሴቶች ልጆችም የሚወርሱት የእናታቸውን ቤት ነው። ወርቁ የሚጠብቀው የጃዋኒስን ሴት ልጅ፣ ከዚያም የልጇን ሴት ልጅ ነው።

በየዓመቱ ረመዳን ሊገባ ሲል ጃዋኒስ ነጭ ጨርቅ አንጥፋ ወርቁን ትፈትሻለች። በቀለበቶቹ ፈርጥ ላይ የጥጥ ክር ትስባለች፤ ክሩ ከያዘ ፈርጡን የጨበጠው ጥፍር ተነስቷል ማለት ነው። ሐብሉን በጣቷ እየዳሰሰች የሳሳውን ትለያለች። በመጨረሻ ትልቁን አንባር ጆሮዋ ሥር ትነቀንቃለች። ውስጡ በሙጫ የተሞላ ነው፤ ሙጫው ከተሰነጠቀ ይንኳኳል፤ ያኔ ስሱ ወርቅ በትንሽ ነገር ይሰረጉዳል።

አምና ስትፈትሽ ፊቷ በርቶ ነበር። ሦስት ወንዶች የወለደችው አንድያ ልጇ ማርሊስ በአርባ ሦስት ዓመቷ አርግዛ ነበር። ሐኪሙ ከዚህ በኋላ መውለድ እንደማትችል ነግሯታል።

ጃዋኒስ አንባሩን ነቀነቀች። «ደህና ነው» አለች።

እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ኳኳታውን ሰማሁት።

«ምኑ ነው ደህናው? እንደ ቆርቆሮ እየጮኸ!»

«ኡዳ ደግሞ! ያንተ ጥርስ ነው የሚንኳኳው» አለችኝ፤ ኡዳ በእኛ ታላቅ ወንድም ማለት ነው።

«የትኛው ጥርሴ?»

ሳቀች። እንደገና ነቀነቀችው፤ ቀኝ ጆሮዋ ሥር፣ ከዚያ ግራ። ሳቋ ቆመ።

«አልሰማም፣ ኡዳ።»

«ስጪኝ፣ ላሠራልሽ።»

«የለም። መጀመሪያ ልጅቷ ትምጣ። አንጥረኛው ፊት ይዣት ነው የምቀርበው።»

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ማርሊስ እንደወለደች ከፓዳንግ ከተማ ደወለች። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

«ወንድ ነው፣ አጎቴ» አለችኝ እያለቀሰች። «ለእናቴ እርስዎ ይንገሩልኝ።»

ነገርኳት። ልጁ ጤነኛ ነው፤ አላህ ይመስገን አልን። ጤነኛ ልጅ ተወልዶ ማልቀስ ነውር ስለሆነ ጃዋኒስ ወጥታ የታጠበውን ልብስ ዳግመኛ አጠበች።

ዘንድሮ ጨርቁን ያነጠፈችው ለእንግዳ ነው። ከማርሊስ በኋላ ሴት ወራሽ ስለሌለ ወርቁን የሚወስዱት የሌላው የጎሳችን ቅርንጫፍ ሴቶች ሊያዩት መጡ። አንደኛዋ አንባሩን ነቅንቃ «ይንኳኳል እኮ» አለቻት ለጓደኛዋ። ጃዋኒስ ከንፈራቸውን አየች እንጂ አልሰማችም። ሻይ ቀዳችላቸው።

ሲሄዱ «ወርቁን ተይው፣ ዋናው ጤና ነው» አልኳት ጮክ ብዬ።

«ይኼንን ለሰው በለው» አለችኝ። «ዋናው ነገር ምን እንደነበረ እኔ አውቃለሁ። አንዲት ልጅ እጇን ዘርግታ ‹አያቴ፣ ሰፋኝ እኮ› እንድትለኝ ነበር። ‹ግድ የለሽም፣ ክንድሽ ይሞላዋል› እላት ነበር። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።»