ፍራሹ ላይ የተሰፋው ሕግ

ትናንት የገዛሁትን ፍራሽ ላስቲክ ስገልጥ የአዲስ ጨርቅ ሽታ ቤቱን ሞላው። ልጄ ጫፉ ላይ የተሰፋችውን ጽሑፍ ያለባትን ቁራጭ ጨርቅ በመቀስ ልትቆርጣት ስትል «ቆይ!» አልኳት።

በጃንሆይ ዘመን፣ ሞጣ ሳለን፣ አክስቴ ጥሩወርቅ እንዲህ ያለ የውጭ አገር ፍራሽ ነበራቸው። ከቢቸና የመጡ አንድ አስተማሪ ጽሑፉን አንብበው፣ «ይህን የነቀለ በሕግ ይቀጣል ይላል» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ አክስቴ ጨርቋን ማንንም አያስነኩም ነበር። ጽሑፍ እግር ሥር አይውልም ብለውም ሁልጊዜ ወደ ራስጌ ያደርጓት ነበር።

ጎረቤታችን ዘይነባ በወለደች ማግስት ፍራሹን አሸክመው ወሰዱላት። ያቺ ደረቅ ጨርቅ ግን አንገቷን እየፋቀች እንቅልፍ ነሳቻት።

«ወደ ግርጌ እናዙረው» አሉ አራሷን ሊጠይቁ የመጡት ሴቶች።

«ጽሑፍ ወደ እግር? አይሆንም!» አሉ አክስቴ። ጥቂት አሰብ አደረጉና መቀስ አስመጡ።

«ኧረ እትዬ፣ ያስሩዎታል!» አለች ዘይነባ።

«ልታሰራ! አንቺ ብቻ ተኚ።»

ቆረጧትና ስመው መቀነታቸው ላይ ቋጠሯት። ከዚያ በርጩማ ይዘው ወጥተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

«እዚህ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሊይዙኝ ከመጡ እዚሁ ያግኙኝ፤ ገብተው እሷን እንዳይቀሰቅሷት» አሉኝ።

የፈራውን ነገር እንዲህ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ልጄ መቀሱን እንደያዘች፣ «እማዬ፣ ልቁረጣት?» አለችኝ። የእኔ ዓይን ግን፣ አክስቴ በርጩማቸው ላይ የተቀመጡ ይመስል፣ ደጃፉ ላይ ነበር።