ታደገ ወልዴን ፍለጋ ወደ ጓሳ

ቀበሌ

በዚያ ዘመን ከአዲስ አበባ ለመውጣት ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ማውጣት ግድ ነበር። የቀበሌያችን ጸሐፊ ብዕሩን አንሥቶ «የጉዞው ምክንያት?» ሲለኝ ትንሽ አሰብኩ። እውነቱን ልንገረው ብል ወረቀቱ አይበቃውም።

«ዘመድ ጥየቃ» አልኩት።

«አንተ ደግሞ መንዝ ዘመድ አለህ እንዴ?» አለኝ። አብሮ አደጌ ነውና ዘሬን እስከ ሰባት ቤት ያውቀዋል።

«እየፈለግኩ ነው» አልኩና ማኅተሙን አስመትቼ ወጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ሰሞን አገሩን ሁሉ ያስጨፈረ አንድ ዘፈን ነበር። ሁለት ስመ ጥር ድምፃውያን፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፣ እየተቀባበሉ ይዘፍኑታል። ሴቲቱ፦

ጓሳው ሲከፈት፣ ሣሩ ሲታጨድ፣
ማጭድህን ይዘህ ና በደጋው መንገድ

ስትል፣ ወንዱ «መጣሁ፣ መጣሁ፣ መጣሁ!» ይላታል። ያን ጊዜ ወንበር ላይ የሚቀር ሰው የለም። ሰዓት እላፊ ስለነበረ ጭፈራ ቤት የገባ እስኪነጋ አይወጣምና እኛ ሙዚቀኞቹ ያንኑ ዘፈን ደጋግመን እንድንጫወት እንገደድ ነበር። የሳንሱሩ ሰውዬ እንኳ «ማጭድ» የሚለውን ሲሰማ ሰፊውን ገበሬ ያወደስን መስሎት ፈገግ ብሎ ነው ያሳለፈው። ጓሳ ምን እንደሆነ ግን ከመካከላችን የጠየቀ አልነበረም። አዲስ የሚከፈት መጠጥ ቤት ነው ያለም ነበር፤ እንዲያውም አንድ ብልጥ ነጋዴ በዚሁ ስም መጠጥ ቤት ከፍቶ ገበያው ደርቶለት ነበር።

በካሴቱ ልባስ ላይ «ግጥምና ዜማ፦ ታደገ ወልዴ» ተብሎ ተጽፏል። ይህን ሰው በዓይኑ ያየ የለም። አንድ ሰሞን አንድ ጎረምሳ «ታደገ እኔ ነኝ» እያለ ፒያሳ በነፃ ሲጠጣ ከርሞ፣ እስቲ ሌላ ዘፈን አውጣልን ሲሉት በጓሮ በር ጠፋ። የዘፈኑ ባለቤት አስካለ እንደሆነች የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አስካለ የመንዝ ቄስ ልጅ ናት። አክስቷ ዘንድ ሆና ማታ ማታ ትማር ነበር፤ በቀበሌያችን የኪነት ቡድን እሷ ስትዘፍን እኔ አኮርዲዮን እጫወት ነበር። አባቷ ታመሙና አገሯ ልትገባ ሆነ። በመሄጃዋ ዋዜማ ባዶው አዳራሽ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ጣቶቼ እስኪለምዱት ድረስ ዘፈኑን አስጠናችኝ።

«ለሚዘፍነው ስጠው። በስሜ ግን እንዳይወጣ» አለችኝ። «የዳንኪራ ዘፈን አወጣች ከተባለ አባቴ ደብሩ ውስጥ አንገታቸውን ይደፋሉ። ታደገ ወልዴ በሉት።»

«ማነው ደግሞ እሱ?»

ሳቀች። «ቃሉን ስማው» ብላኝ ሄደች።

እኔ ደግሞ የዜማ ሰው ነኝ፤ ቃል አልሰማም። ጓደኞቼ «ይሄ ሰው ሠርጉ ላይ ምን እንደተዘፈነለት ሳያውቅ ያረጃል» ይሉኛል። ዘፈኑን ለሁለቱ ድምፃውያን ሰጠኋቸው። ሲቀዳ መሐሉ ባዶ ሆኖ ስለታየኝ «መጣሁ፣ መጣሁ፣ መጣሁ» የሚለውን እኔው ጨመርኩበት። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፤ አኮርዲዮኑ አየር የሚስብበት ቦታ ያስፈልገው ነበር።

አስካለ ከሄደች ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል ካሴቱን ያሳተመው የሙዚቃ ቤት ባለቤት «ያንን ታደገ የሚባለውን ሰው ካለበት ፈልገህ ሁለተኛ ዘፈን አምጣልኝ» አለኝ። ሰበብ ሆነልኝ። እሱ የፈለገው ዘፈን ነው፤ እኔ አስካለን ነበር የፈለግኩት። ናፍቃኝ ነበር። አንድ አዳራሽ ውስጥ አብረን ስንውል አፌ ያላወጣውን ቃል፣ ነይ አብረን እንኑር የሚለውን፣ ልነግራት ቆረጥኩ። መርካቶ ወርጄ ቀይ ሻሽ ገዛሁ።

ጣርማበር

የተነሣሁት ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ ነው። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይቆረጥማል፤ አንድ ሻይ ቤት እንቁላል ፍርፍር በልቼ፣ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጥቼ ጣቶቼ ተፍታቱልኝ። ጣርማበር ላይ፣ ወደ ዋሻው ከመግባታችን በፊት፣ አስፋልቱን ትተን ወደ ግራ ታጠፍን። ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተንከባለለ መጥቶ መንገዱን ሲሸፍነው ረዳቱ ወርዶ በእግሩ እየቀደመ ሾፌሩን ይመራው ነበር።

ኬላው ላይ አንድ ሚሊሻ ወረቀቴን አገላብጦ አየ። «ዘመድ ጥየቃ። ምን ይዘህላቸው ነው?» አለና ቦርሳዬን ሲከፍት ሻሹ ወጣ።

«ይሄማ የዘመድ አይደለም» ብሎ ሳቀ። አውቶቡሱም አብሮት ሳቀ። ጆሮዬ እስኪግል አፈርኩ፤ ግን ደስም ብሎኝ ነበር።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት ከደብረ ብርሃን ጨውና ሳሙና ገዝተው የሚመለሱ የሞላሌ ሴት ናቸው። ከጉልበታቸው ላይ ቆሎ እየዘገኑ ያካፍሉኛል።

«የቄስ ልጅ ናት፤ አስካለ ትባላለች። ያውቋት ይሆን?» አልኳቸው።

«እንዴት ያለህ ነህ ልጄ!» አሉኝ። «መንዝ ላይ ቄስና አስካለ ከገብሱ ይበዛል።»

መሐል ሜዳ

መሐል ሜዳ የደረስነው በገበያ ቀን ነው። በግ፣ የሱፍ ባናና ገብስ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል፤ የሚነጋገረው ሰው ትንፋሽ ይታያል። ብርዱን ሸሽቼ አንድ ሻይ ቤት ብገባ የተቀበለኝ የራሴው አኮርዲዮን ነው። «መጣሁ፣ መጣሁ!» ይላል ቴፑ። የቤቱ እመቤት በቀኝ እጇ ማንቆርቆሪያ ይዛ፣ በግራ ትከሻዋ ትሰብቃለች።

«ይሄ ዘፈን እዚህም ደረሰ?» አልኳት።

«ምን ማለትህ ነው? የእኛው አይደል! እናንተ ጋ ጓሳ አለ እንዴ?»

የእሷ ካሴት ከሰው ከሰው የተቀዳ ነው፤ ልባስ የለውም። የእኔን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ፊደሉን አንድ በአንድ ካነበበች በኋላ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች።

«ታደገ ወልዴ? የጓሳው ጠባቂ? አባባ ታደገ ዘፈን አወጡ?» ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ኧረ ሰው ምን ይላል! እሳቸው ሰው ሣር ነካ ብለው ሲቆጡ እንጂ መቼ ሲያንጎራጉሩ ታዩ!»

ሻይዬ ሳይቀዘቅዝ ተነሣሁ። ታደገ ወልዴ የሚባል ሰው በእውነት መኖሩን ያወቅኩት እዚያ ወንበር ላይ ነው። የቤቱ እመቤት ከገበያ ወደ ጓሳ የሚመለሱ ገበሬዎች አሉ ብላ አገናኘችኝ።

ጓሳ

የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው። እያንዳንዱን አቀበት በጨረስን ቁጥር ሌላ ይቀጥላል፤ የእኔ ሳንባ ለአኮርዲዮን እንጂ ለመንዝ አልተሠራም። በመጨረሻ ሜዳው ላይ ወጣን። ዓይን እስከሚያይ ሣር ነው፤ ነፋሱ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይተኛና በአንድ ጊዜ ይነሣል። ጅብራው እዚህም እዚያም ቆሟል። የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ቁጭ ብሎ ሣር ይነጫል፤ እኛን ቀና ብሎ ያየ አልነበረም። አስካለ ያደገችው እዚህ ነው ብዬ ሳስብ፣ ያንን የቀበሌ አዳራሽ እንዴት ችላው እንደኖረች ገረመኝ።

የአባባ ታደገ ቤት ከሣሩ ዳር ናት። ክዳኗ አዲስ ነው። ሽማግሌው ባናቸውን ተከናንበው ደጃፍ ላይ ገመድ ይገምዳሉ።

«እንደምን ዋሉ አባባ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ከሩቅ ነህ፤ ግባ።»

ገመዱን ትተው ካሴቱን ተቀበሉኝ። በልጅነታቸው ዳዊት የደገሙ ናቸውና ስማቸውን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ምን እንደሆነ ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

«እኔ? ዳንኪራ? ኧረ ወለላይቱ እመቤቴ! ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«አስካለ ናት።»

ሳቁ ቆመ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«አንተ ያ ሳጥን ተጫዋቹ ነህ» አሉኝ። ጥያቄ አልነበረም።

ይህን እንዳሉ በረዶ ወረደ። ሁለታችንም ገባን። ባለቤታቸው እማማ የገብስ ዳቦና አይብ አቀረቡልኝ። ዳቦውን ይዤ መጠየቅ ያለብኝን ጠየቅኩ፦ ጓሳው ሲከፈት ማለት ምን ማለት ነው?

«ሌላ ምን ማለት ነው?» አሉ አባባ። «ሣሩ ይዘጋል። ሦስት ዓመት፣ አራት ዓመት አጫጅም ከብትም አይገባበት። እኔ እጠብቃለሁ። ሲደርስ ከሽማግሎች እንመክርና፣ ቅዳሴ ሲያልቅ 'ጓሳው ተከፍቷል፣ ማጭዳችሁን ይዛችሁ ኑ' ብዬ የምጣራ እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ድርሻውን ያጭዳል። ከመሬት አዋጁ ወዲህ ነገሩ ላልቷል፤ ቢሆንም የገበሬ ማኅበሩ እኔን አልሻረኝ፣ አምና በበጋ ከፈትን። እናንተ ምን መስሏችሁ ነው የምትዘፍኑት?»

«መጠጥ ቤት» አልኳቸው።

አዘኑልኝ።

«ካሴቱ መሐል ሜዳ ሲደርስ ሰማችው» አሉ ቀጥለው። «እየሮጠች መጣች። 'አባባ፣ መልሱን ላከልኝ! መጣሁ ብሏል፣ ያውም ሦስቴ!' አለችኝ። ያን ቀን ፊቷን ብታየው!»

ዳቦው እጄ ላይ ቀረ። እኔ አየር መሳቢያ ብዬ ያስገባሁትን ቃል፣ እሷ ቃሌ ብላ ይዛው ነበር።

«ደብዳቤ እንኳ ብትጽፍልኝ» አልኩ።

«መልስ የደረሰው ሰው ምን ብሎ ይጽፋል? ጓሳው ሲከፈት የአባቷን ድርሻ ለሁለት ከፈለችው። 'ይሄ የሱ ነው፣ መጥቶ ራሱ ያጭደዋል' አለች። አጫጁ ሁሉ አጭዶ ሲገባ ያንተ ድርሻ ብቻውን ቆሞ ቀረ። ክረምቱ መጣና እንዝጋ አልኩ። 'ትንሽ ይቆዩኝ አባባ' አለችኝ። እኔ ለአባቴም ልጅ ቆይቼ አላውቅ፤ ሕግ ነው። ለሷ ግን እስከ ሰንበት ቆየሁላት።»

እማማ ከምድጃው በኩል «የዛን ሰንበት መንገድ መንገዱን ስታይ ዋለች» አሉ።

«ሰኞ ራሷ አጨደችው።»

«ወዴት አደረገችው?» አልኩ።

አባባ ከዘራቸውን አንሥተው ወደ ላይ አሳዩኝ። «ይኸው ነው። ቤቴ ያፈስ ነበር። 'እሱ ካልመጣ ለስሙ ባለቤት ይሁን' ብላ አመጣችው። የቱ ስም እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም።»

ቀና ብዬ አየሁት። ጥቅጥቅ ያለ፣ ከማገሩ ጋር በጥንቃቄ የታሰረ ሣር ነው። በረዶው ከላይ ይደበድባል፤ ወደ ውስጥ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ሣሩን እያየሁ አለቀስኩ፤ አባባ እንዳላዩኝ ሆነው ገመዳቸውን ያዙ።

ቆይቼ «አሁን የት ናት?» አልኩ።

«ራቤል። በጥር ተዳረች። ባሏ ጨዋ ነው፤ ክፉ አይወጣውም።»

«ደስ ብሏታል?»

«ልጄ፣ እኔ ሣር ነው የምጠብቅ» አሉኝ።

መልስ

ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ወደ ራቤል የሚወስደው መንገድ ወለል ብሎ ታየ። አባባ «ሂድም አልልህ፣ አትሂድም አልልህ» ብለው እስከ ደጃፍ ሸኙኝ። ሜዳው አልቆ ቁልቁለቱ እስከሚጀምርበት ሄድኩ። ከዚያ ቆምኩ። የሰው ትዳር ደጅ ቆሜ ምን ልላት ነው? መጣሁ? ያንን ቃል አንዴ ተጠቅሜበታለሁ።

ተመለስኩና ሻሹን ለእማማ ሰጠኋቸው። እዚያው አስረውት «ያምርብኛል?» ሲሉ አባባ «በስተርጅና!» ብለው ሳቁ። ስማቸውን ከካሴቱ ላይ እናውጣው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ተዉት» አሉኝ። «እሷ የሰጠችኝ ነው።»

ኬላው ላይ ያው ሚሊሻ ነበር። «እህ፣ ዘመድህን አገኘህ? ሻሹስ?» አለኝ።

«ለዘመድ ሰጠሁት» አልኩት። ፊቴን አይቶ ቦርሳዬን ሳይከፍት አሳለፈኝ።

አዲስ አበባ ስገባ የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት በር ላይ ነው የጠበቀኝ። ታደገ ወልዴ ከእንግዲህ ዘፈን አያወጣም ብዬ ነገርኩት። ሁለቱን ድምፃውያን ደግሞ «መጣሁ» የሚለውን እናውጣው ብዬ ለመንኳቸው። «አበድክ? ዘፈኑ እኮ እሱ ነው!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ያ ቃል ሲደርስ ሕዝቡ አሁንም ወንበሩን ጥሎ ይነሣል፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ እጫወታለሁ። ከዚያ ጉዞ ወዲህ አዲስ ዘፈን ሲመጣልኝ መጀመሪያ ግጥሙን ሳላነብ፣ ማን ለማን እንዳለው ሳልጠይቅ አኮርዲዮኔን አልከፍትም። ጓደኞቼ ይሄን ሰው ምን ነካው ይላሉ።

ክረምት ሲገባ የተከራየኋት ክፍል ቆርቆሮ ማፍሰስ ይጀምራል። አልጋዬን ወደ ጥግ ስቤ፣ ሳፋ ከሥሩ አስቀምጥና ጠብ ጠብ ሲል አዳምጣለሁ። የእኔ ድርሻ ጓሳ ላይ ነው፤ እሱ አያፈስም።